እልህና ይሉኝታ፦ ባለ አምስት ዶላሩ ፖከር

(ላስ ቬጋስ ውስጥ በአንድ የእሁድ ከሰዓት ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ከስልክ ቀረጻ ገልብጬ፣ ሳሉን ብቻ አውጥቼ እንዳለ አስቀምጬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ ይሰማል? ይሰማል? ጎሽ።

በመጀመሪያ ለእናቶቼ፣ ለአባቶቼ፣ ለእህት ወንድሞቼ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ቡናውን የምታፈሉልን እህቶች፣ እጃችሁ ይባረክ። በሩ ጋ የተቀመጡት ጋሼ ስገባ ያዝ አድርገውኝ «ልጄ፣ ዛሬ ደግሞ ቁማር ልታስተምረን ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከሱ ልጀምር።

ፖከር ቁማር ነው። «የአእምሮ ስፖርት ነው፣ እንደ ቼዝ ነው» የሚላችሁ ሰው ይኖራል። ግማሹ እውነት ነው። ቼዝ ላይ ግን ንግሥታችሁ በዕድል አትበላም። ፖከር ላይ በትክክል ተጫውታችሁ ትሸነፋላችሁ። ደጋግማችሁ ትሸነፋላችሁ። ስለዚህ ሃይማኖቱ የማይፈቅድለት፣ ኪሱ የማይፈቅድለት፣ ወይም ቁማር ከዚህ በፊት ቤቱን ያናጋበት ሰው ካለ፣ ቡናውን ይጠጣ እንጂ እኔን አይስማ። ከልቤ ነው የምለው።

ታዲያ ለምን እናወራዋለን? የምንኖረው ቬጋስ ነዋ! እስቲ ካዚኖ ውስጥ የምትሠሩ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ? ግማሹ ቤት! መኪና የሚያቆመው አለ፣ ታክሲ የሚነዳው አለ፣ እንደኔ ካርታ የሚያድለው አለ። እኔ ዲለር ከሆንኩ 9 ዓመቴ ነው። ኔቫዳ ውስጥ ደግሞ ኦንላይን ፖከር በፈረንጆቹ 2013 በሕግ ተጀምሯል። 21 ዓመት የሞላውና በግዛቱ ውስጥ ያለ ሰው ስልኩ ላይ መጫወት ይችላል። ልጆቻችን እየተጫወቱ ነው። በእረፍት ሰዓታችን አንገታቸውን ደፍተው አያቸዋለሁ። ተደብቀው ከሚያበላሹት በግልጽ ብናወራው ይሻላል።

አራት ነገር እላለሁ። አንደኛ ገንዘብ፣ ሁለተኛ አጨዋወት፣ ሦስተኛ እልህ፣ አራተኛ ይሉኝታ። የመጀመሪያውን ቶሎ አልፈዋለሁ። ሆዴ ውስጥ ያሉት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው።

ከዚያ በፊት አንድ ታሪክ። በ2003 አንድ የቴነሲ ሰው ነበር። ሥራው ሒሳብ ነው። ኦንላይን 86 ዶላር ከፍሎ አንዲት ትንሽ ማጣሪያ ውስጥ ገባ፤ እየተሻገረ የ10 ሺህ ዶላር መግቢያ አሸነፈ። እዚሁ ከተማችን፣ ዳውንታውን ቢኒየንስ ሆርስሹ ካዚኖ መጥቶ ከ838 ሰው ጋር ተጫወተ። የዓለም ፖከር ሻምፒዮና ላይ አንደኛ ወጥቶ 2 ሚሊዮን 500 ሺህ ዶላር ይዞ ሄደ። ስሙ ክሪስ መኒሜከር ነው። መኒሜከር! «ገንዘብ ሠሪ» ማለት እኮ ነው። እውነተኛ ስሙ ነው፣ ቀልድ አይደለም። ዓለም በሙሉ ኮምፒውተር ከፍቶ ፖከር የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

አሁን ልጠይቃችሁ። ከዚህ ታሪክ ሰው ምን ይይዛል? 86 ዶላሯን ይይዛል። 838ቱን ግን ማን ይቆጥራል? እነሱም እኮ ሰው ናቸው!

እሺ፣ አንደኛ፦ ገንዘብ። የምናወራው ስለ ትንንሾቹ ውድድሮች ነው። ለምሳሌ መግቢያው 5 ዶላር ከ50 ሳንቲም የሆነ። 5ቱ ዶላር ሽልማቱ ውስጥ ይገባል፣ 50 ሳንቲሟ የቤቱ ናት። «50 ሳንቲም ምን አላት?» ትላላችሁ። 100 ጊዜ ስትገቡ ለቤቱ 50 ዶላር ከፍላችኋል። ካርታ ሳይታደል ማለት ነው!

ከ100 ተጫዋች ሽልማት የሚያገኘው 15 ሰው ገደማ ነው። ያውም የመጨረሻዎቹ የሚያገኙት ከመግቢያዋ እጥፍ ብዙም አይዘልም። ዋናው ገንዘብ ያለው ከላይ ባሉት ሦስት አራት ወንበሮች ነው። ስለዚህ ጎበዝ ብትሆኑም ከ10 ቀን 8ቱን ባዶ እጃችሁን ትነሳላችሁ። ይህን መሸከም የማይችል አይጀምር። የሚጀምር ደግሞ ቢያንስ የ100 ውድድር መግቢያ ለይቶ ያስቀምጥ። ከቤት ኪራይ አይደለም! አገር ቤት ከሚላከው አይደለም! ሳይቱ ላይ በሳምንት የምታስገቡትን ገንዘብ የምትወስኑበት ቦታ አለ። ዛሬውኑ ወስኑት። ራስን ጨርሶ የማገጃም አለ፤ የሚያስፈልገው ሰው ራሱን ያውቃል።

ሁለተኛ፦ አጨዋወት። ጀማሪ ሁሉ ብለፍ ማድረግ፣ ማለትም ባዶ ካርታ ይዞ ጥሩ የያዘ መምሰል፣ ይወዳል። ፊልም ላይ ያየነው እሱን ነዋ! መነጽር ያጠለቀ ሰውዬ ባዶ ካርታ ይዞ ሚሊዮን ዶላር ይገፋል፣ ሌላው ላብ በላብ ይሆንና ካርታውን ይጥላል። ባለ 5 ዶላሩ ጠረጴዛ ላይ ግን ሰውየው አይጥልም። ለምን ይጣል? ሥራ ውሎ፣ ሶፋ ላይ ተጋድሞ፣ 5 ዶላር የከፈለው ካርታ ሊያይ ነው። ሁለትና አራት ይዞ እስከ ሪቨር፣ መሐል ላይ እስከምትገለጠው የመጨረሻዋ ካርታ፣ ይከተላችኋል። ብለፍ የሚሠራው በሚያስብ ሰው ላይ ነው። የማያስብ ሰው አይሸወድም!

ታዲያ ምን ይሻላል? ጥሩ ካርታ ስትይዙ አትሽኮርመሙ። ከፍ አድርጋችሁ አስይዙ። ይከፍላችኋል፤ ሊከፍል ነው የመጣው። መጥፎ ሲሆን ጣሉ። ጣሉ፣ ጣሉ፣ አሁንም ጣሉ። ለእያንዳንዱ ሰው የሚታደለው ሁለት ካርታ ነው፤ ሁለቱም አስ፣ ማለትም ትልቁ ካርታ፣ ሆነው የሚመጡላችሁ በ221 እጅ፣ በ221 እደላ፣ አንዴ ነው። ስልክ ላይ በሰዓት 60 እጅ ገደማ ይታደላል እንበል። ከሦስት ሰዓት በላይ ጠብቃችሁ አንዴ ማለት ነው። መሰልቸት ያለው እዚህ ጋ ነው። ሰው የሚሸነፈው እውቀት አንሶት ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ሰልችቶት ነው።

ብላይንድ ማለት ካርታ ሳይታይ ሁለት ሰው በየተራ የሚያስቀምጠው ግዴታ ነው፤ ትልቁ ቢግ ብላይንድ ይባላል። መጀመሪያ ላይ ጊዜ አለ። 5 ሺህ ቺፕ፣ የጨዋታውን ገንዘብ፣ ይዛችሁ ቢግ ብላይንዱ 50 ቢሆን የመቶ ብላይንድ ሀብታም ናችሁ፤ ምንም አያስቸኩልም። ብላይንዱ ግን በየጥቂት ደቂቃው ከፍ ይላል። ቺፓችሁ 12 ሺህ ሆኖ ብላይንዱ 500 እና 1,000 ደረሰ እንበል። ዘጠኙም ተጫዋች በየእጁ መቶ መቶ አንቲ፣ የሁሉም መዋጮ፣ ያስቀምጣል። ደምሩት፦ 500፣ 1,000፣ 900። ጠረጴዛው አንድ ዙር በዞረ ቁጥር 2,400 ቺፕ ከእናንተ ይወስዳል። አምስት ዙር ብቻ ቀርቷችኋል! ቁጭ ብሎ አስ መጠበቅ ቀስ ብሎ መሞት ነው። እዚህ ስትደርሱ ደግሞ ገልብጡት፦ መሐሉ ላይ የተቀመጠው 2,400 ካላችሁ ነገር አንድ አምስተኛ ነው። ከእናንተ በፊት ያሉት ሁሉ ከጣሉ፣ ከኋላ የቀሩት ሁለት ሦስት ሰዎች ከሆኑ፣ ደህና ካርታ ይዛችሁ ኦል ኢን ግቡ፤ ቺፓችሁን በሙሉ አስይዙ። ማንም ካልተከተለ 2,400ው የእናንተ ነው። ወይ ኦል ኢን፣ ወይ ፎልድ፣ ማለትም መጣል። «ኮል አድርጌ፣ ሌላው ያስያዘውን ያህል ከፍዬ፣ እስቲ ልየው» የሚባል ነገር የለም። ትንሽ ቺፕ ላለው ሰው «እስቲ ልየው» መርዝ ነው።

«ብለፍ አታድርጉ ብለህ አልነበረም?» አለኝ እዚህ ፊት ያለው ወንድሜ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ልዩነት አለው። 1,000 ቺፕ ኮል የሚያደርግ ሰው ውድድሩን ሙሉ በሙሉ ሊያጣበት የሚችል ኮል ሲመጣ ያመነታል። እናንተ ደግሞ ቢከተላችሁም ተስፋ ያለው ካርታ ይዛችኋል። ባዶ እጅ አይደላችሁም።

መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ሒሳቡ ይለወጣል። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ እስቲ ልብ በሉኝ። ሦስት ሰው ቀርቷል። ሽልማቱ በቅደም ተከተል 50፣ 30 እና 20 ዶላር ነው። አንዱ 5,000፣ አንዱ 3,000፣ አንዱ 2,000 ቺፕ አለው። ግማሹን ቺፕ የያዘው ሰው ድርሻው ስንት ነው? 50 ዶላር ነው የሚል? ብዙ እጅ አየሁ። አይደለም! አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የመውጣት ዕድሉ ሲሰላ 38 ዶላር ከ39 ሳንቲም ነው። 2,000 ብቻ ያለው ደሃው ደግሞ 28 ዶላር ከ86 ሳንቲም! አንደኛው ለምን አነሰ? ቺፑን ሁሉ ሰብስቦ ቢያሸንፍም የሚወስደው 50 ብቻ ነው። ደሃው ዝም ብሎ ቢቀመጥ እንኳ 20ው አለችለት። ስለዚህ የምታጡት ቺፕ ከምታገኙት ቺፕ የበለጠ ዋጋ አለው። ሌሎች ሁለቱ እርስ በርስ ሲበላሉ ማየት ገንዘብ ነው። የእኛ ሰው ግን ዳር ቆሞ ማየት አይችልም፤ ገብቶ ካልገላገለ አይሆንለትም!

እሺ፣ ሦስተኛ። እልህ።

ፈረንጆቹ «ቲልት» ይሉታል። እኛ ግን የተሻለ ቃል አለን። እልህ! ለአድዋ ጠቅሞናል። ለማራቶን ጠቅሞናል። ለፖከር አይጠቅምም። ምንም አይጠቅምም።

የራሴን ልንገራችሁ። የጀመርኩ ሰሞን ነው። ሌሊት ሠርቼ ገብቼ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ስልኬን ከፈትኩ። ሁለት አስ መጣልኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ኦል ኢን ገባሁ። አንዱ ተከተለኝ። ካርታው ሲገለጥ ዘጠኝ እና አራት! መልካቸው እንኳ አይገናኝም። ከ8 ጊዜ ወደ 7ቱን የማሸንፈው ነገር ነው። ፍሎፑ ላይ፣ መሐል በሚገለጡት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርታዎች፣ አንድ ዘጠኝ ወጣ። ሪቨሩ ላይ ሌላ ዘጠኝ፤ ሦስት ዘጠኝ ደግሞ ሁለት አስን ይበልጣል። አለቀ። ቻቱን ከፈትኩና በእንግሊዝኛ «ዶንኪ» ብዬ ጻፍኩ። አህያ! ሰውየው ምን ብሎ መለሰልኝ? «ይቅርታ፣ ገና እየተማርኩ ነው።» ከዚያ ደግሞ «በደንብ ተጫውተሃል።»

አፈርኩ። ብቻዬን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አፈርኩ።

ግን ማፈሩ አላቆመኝም። እልህ ይዞኛላ! ወዲያው ባለ 55 ዶላሩን ከፈትኩ። አሥር እጥፍ። ከ11 ደቂቃ በኋላ ከዚያም ወጣሁ። በሁለት ሳምንት ያጠራቀምኩትን በአንድ ማለዳ። ጫማዬ አሁንም እግሬ ላይ ነው።

እስቲ አስቡት፤ ያ ሰው ምን በደለኝ? ዘጠኝና አራት ይዞ ከሁለት አስ ጋር የሚጋጭ ሰው ደንበኛዬ ነው። መርካቶ ሱቅ ከፍታችሁ፣ ሰው ገብቶ ሳይከራከር ሁለት እጥፍ ሊከፍል ሲል ሰድባችሁ ታባርሩታላችሁ? ስትሰድቡት ሁለት ነገር ይሆናል። ወይ ተቀይሞ ይሄዳል፣ ወይ «ለካ ይህ መጥፎ ካርታ ነው» ብሎ ይማራል። ሁለቱም ኪሳራ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ቻቱ ላይ «በደንብ ተጫውተሃል» ካላችሁ ይበቃል። ያም ካልወጣላችሁ ቻቱን ዝጉት፤ መዝጊያ ቁልፍ አለው።

የእልህ ሌላ መልኩ ሰዓት ማቃጠል ነው። ሽልማት ሊጀምር አንድ ሰው ሲቀር፣ ባብል የሚሉት ጊዜ፣ አንዳንዱ በየእጁ የተሰጠውን ሰከንድ ሁሉ ያቃጥላል። የሚጥለውን ሁለትና ሰባት ይዞ ያስባል! ምን ያስባል? ሌላ ጠረጴዛ ላይ ሰው ቀድሞ እንዲወድቅ እየጠበቀ ነው። ለዚህ ነው ሳይቶቹ እዚያ ሰዓት ላይ ሁሉም ጠረጴዛ አንድ አንድ እጅ እኩል እንዲጫወት የሚያደርጉት። ከባድ ውሳኔ ሲመጣ ሰዓታችሁን ተጠቀሙ፣ መብታችሁ ነው። ለማናደድ ከሆነ ግን ነውር ነው። የማይሸነፍ ካርታ ይዞ ሌላውን ኦል ኢን አስገብቶ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ኮል የሚለውም እንደዚያው። እኔ በምሠራበት ጠረጴዛ ላይ ይህን ያደረገ ሰው ሲታይ ጠረጴዛው በሙሉ ፊቱን ያዞርበታል።

አራተኛ፦ ይሉኝታ። ይህ የእኛው የራሳችን ነው።

በቀጥታ ጨዋታ ላይ አንድ ደንብ አለ። እጁ እስኪያልቅ ጠረጴዛው ላይ እንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚወራው። አንድ ቀን ሁለት የአገሬ ልጆች እኔ ጋ ተቀመጡ። ደስ አለኝ። በመሐል አንዱ ለሌላው ቀስ ብሎ በአማርኛ «ምን ይዘሃል?» አለው። እኔ ደግሞ ዲለር ነኝ። በእንግሊዝኛ «እባካችሁ እንግሊዝኛ ብቻ» አልኳቸው። አዩኝ! «አንተም ሐበሻ ሆነህ?» አለኝ አንዱ። ቲፕም አልሰጡኝም። ምን ላድርግ? የተቀሩት ሰባቱስ ገንዘባቸውን አላስቀመጡም?

እዚያ ዳኛ ነበርኩ። ቤቴ ስገባስ? አሁን የማወራው የሚያሳፍረኝን ነው። አብሮኝ ከሚኖር ጓደኛዬ ጋር አንድ ውድድር ገባን። 180 ሰው ነበር። እየተጠረገ እየተጠረገ 7 ሰው ቀረ፤ ከሰባቱ ሁለቱ እኛ። እኔ ወንበር ላይ፣ እሱ ፊት ለፊቴ ሶፋ ላይ። እኔ ብዙ ቺፕ አለኝ። እሱ ስድስት ብላይንድ ብቻ ቀርቶታል። ኦል ኢን ገባ። እኔ አስና ጃክ ይዣለሁ። ኮል የማይባልበት ምክንያት የለም። ቀና ብዬ አየሁት። አንድ ቃል አልተናገረም። ብቻ አየኝ።

ጣልኩት። አስና ጃክ ጣልኩ! እንዴት ልብላው? አብሮ አደጌ ነው፤ ማታ ሽሮ የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። ከዚያ እሱም ለእኔ ጣለ። እኔም ለሱ። እሱ አራተኛ ሆኖ ወጣ። ደስ ብሎን ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኢሜይል መጣ። የሁለታችንም አካውንት ተዘግቷል፣ ውስጡ ያለው ገንዘብም ተይዟል። ጮህኩ፣ ደብዳቤ ጻፍኩ። «ምንም አልተነጋገርንም!» አልኩ። እውነቴን ነው፣ አልተነጋገርንም። ግን የተጫወትነው እያንዳንዱ እጅ እነሱ ጋ ተመዝግቧል። አስና ጃክ ለስድስት ብላይንድ የሚጥል ሰው ሌላ ምን ምክንያት አለው?

የሰረቅነው ከማን ነበር? ከቤቱ አይደለም፤ ቤቱ 50 ሳንቲሙን ቀድሞ ወስዷል። የሰረቅነው ሰባተኛ ሆኖ ከወጣው ሰው ነው። በትክክል ብጫወት ምናልባት ስድስተኛ ወይም አምስተኛ ይሆን ነበር። ስሙን አላውቅም። ምናልባት እሱም ሌሊት ሠርቶ የገባ ሰው ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ጠረጴዛ ላይ ጓደኛ የለም። ከጓደኛችሁ ጋር አንድ ጠረጴዛ ከተገናኛችሁ ከማንም በላይ አጥብቃችሁ ተጫወቱበት። ካልቻላችሁ አንድ ውድድር አትግቡ። ከአንድ ቤት ሁለት ሰው እንዳይገባ የሚከለክል ሳይትም አለ፤ ደንቡን አንብቡ። ቴሌግራም ላይ «ምን ያዝክ?» መባባል ያው ስርቆት ነው። ጎበዝ ጓደኛ ከትከሻችሁ ኋላ ቆሞ «ኮል በል፣ ጣል» ሲል መጫወትም እንደዚያው። አንድ እጅ፣ አንድ ተጫዋች። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ግን አብራችሁ ቁጭ በሉና ተከራከሩበት፣ ስህተታችሁን ተነጋገሩ። ያ ነው የሚያጎብዘው።

እዚህ ላይ ጨርሻለሁ። ጥያቄ?

እሺ እማማ፣ ይጠይቁ። «አንተ ግን ስንት አተረፍክ?» አሉኝ። ይኸው ደብተሬ፣ ይዤው መጥቻለሁ። ባለፈው ዓመት 412 ጊዜ ገባሁ፣ በ5 ዶላር ከ50። ያወጣሁት 2,266 ዶላር። ያገኘሁት 2,391። ትርፍ 125 ዶላር። አትሳቁ! አንዱን ውድድር ከሌላው ሳቻችለው አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል፤ ሲካፈል በሰዓት 30 ሳንቲም ይደርሰኛል። ከዚህ ውስጥ 310 ዶላሩ ደግሞ የአንድ ሌሊት አንደኝነት ነው። ያቺ ሌሊት ባትኖር 185 ዶላር ከስሬያለሁ።

«ታዲያ ለምን ትደክማለህ?»

እማማ፣ እኔ በቀን 8 ሰዓት ቆሜ ለሰው ካርታ ሳድል ነው የምውለው። አንዳንዴ ለእኔም ሲታደልልኝ ደስ ይለኛል።